ለእናቴ ያነበብኩላት ፊልም

ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቴሌቪዥን የማየው በጆሮዬ ነው። ቱርኮቹም ሕንዶቹም በአማርኛ መናገር ስለጀመሩ ብዙም አልተቸገርኩም። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቤቲ፣ ግን አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተሯ ሌላ ዓይነት ፊልም ይዛ ትመጣለች። ሰዎቹ በማላውቀው ቋንቋ ያወራሉ፣ ጽሑፉ ከሥር ያልፋል፣ እሷ ማንጎ እየላጠች ታነብልኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ያመጣችው ወታደሮች ስለሚገዙት አንድ አገር ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ፍለጋ ከቢሮ ወደ ቢሮ ትዞራለች። ቤቲ ሳታቋርጥ ስታነብ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ዝም አለች። ቢላዋው ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ፈጠን ብላ፣ «ሌላ ቀን ተመለሺ አሏት» አለችኝ።

ዝምታዋን አወቅሁት። እኔም አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ በእንዲህ ያለ ፊልም መካከል ልክ እንደዚያ ዝም ብዬ ነበር። ስለዚያ ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለመናገር ከብዶኝ አይደለም፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ሲቀላ፣ የአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ እንኖራለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ኦቾሎ፣ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያየው ተራራ ላይ፣ ሸማ ሲሠራ ኖሮ እዚያው ሞቷል። እናቴ ፈትል ትፈትላለች። ቤት ስትሆን ትፈትላለች፣ ጎረቤት ስትሄድም እንዝርቷን ይዛ ትሄዳለች። ሰው ሁሉ የሚጠራት «የአንጁሎ እናት» ብሎ ነው።

አንጁሎ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሰው ከቤቱ እየተጠራ በሚወሰድበት በዚያ ክፉ ጊዜ ወረቀት ተገኘበት ተብሎ ታሰረ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። እናቴ ኩርኩፋ ትሠራለች፤ የበቆሎ ዱቄት እንደ ጠጠር ተድበልብሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለውን ማለቴ ነው። ዳጣ ከጎኑ ታደርግና ሳህኑን በጨርቅ ትቋጥርልኛለች። እኔ ዳገቱን ወጥቼ ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ ያለው እስር ቤት፣ እደርሳለሁ። ከበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ መስኮት ሳህኑን እሰጣለሁ፣ የትናንቱን ባዶ ሳህን እቀበላለሁ። እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በላ?» ትለኛለች። ባዶውን ሳህን አሳያታለሁ።

አንድ ቀን በመስኮቷ በኩል የተቀመጠው ጸሐፊ ሳህኑን ሳይፈታ መለሰልኝ። ወጣት ነበር። አልጮኸብኝም፣ አልተቆጣኝም። ከሳህኑ ጋር በሲባጎ የታሰረ ጋቢ ሰጠኝና፣

«ከእንግዲህ አታምጪ። እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ።

«የምን ነው?»

«ልብሱን መረከብሽን ነው።»

«እሱስ?»

«ልብሱን ተረክበሻል አልኩሽ እኮ። ደግሞ ቤት ሄዳችሁ ለቅሶ ምናምን ብትሉ እናትሽም እዚሁ ትመጣለች። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ፈረምኩ። ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነበር የሚያስተምሩን። ጋቢው እናቴ ፈትላ አባቴ የሠራው ነው። አባቴ በሠራው ጋቢ ሁሉ ጥለቱ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ክር ያስገባ ነበር። ጋቢው ታጥቦ ነበር፤ የሳሙና ሽታ ነበረው። ማን እንዳጠበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቁልቁል ስወርድ ከመንገዱ ዳር አንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ቤት ከደረሰ እናቴ ትጠይቃለች። ከጠየቀች ታውቃለች፣ ካወቀች ትጮሃለች፣ ከጮኸች ይወስዷታል። ስለዚህ ኩርኩፋውን በላሁት። ዳጣው በጣም ያቃጥል ነበር። ጋቢውን ከደብተሮቼ ጋር በከረጢቴ ከትቼ ቤት ገባሁ።

«በላ?»

«በላ።»

በማግስቱም ስንቅ ቋጠረችልኝ። ወስጄ እዚያው ግራር ሥር በላሁት። በሦስተኛውም ቀን። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። በሳምንቱ መብላት አቃተኝ። ያን ቀን ሙሉውን ሳህን ይዤ ተመለስኩና፣ «ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። እዚያ መንግሥት ያበላቸዋል» አልኳት። ከእናቴ ጋር የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ ይህን ግን በአማርኛ ነው የነገርኳት። የመንግሥት ቃል ቤታችን የሚገባው በአማርኛ ስለነበር እንዲያ ካላልኩ አታምነኝም። «ተዛውሯል» የሚለውን ከሌሎች ሰዎች ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ እንዲያ እየተባለ ይመለስ ነበር። «እዚያ መንግሥት ያበላቸዋል» የሚለውን ግን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ማብሰሉን እንድትተው ነው።

ተወች። ጋቢውን ትራሴ ውስጥ ሰፋሁት። ጥጡን አውጥቼ፣ ጋቢውን አጣጥፌ መሐል ላይ አድርጌ፣ ጥጡን ዙሪያውን መልሼ ሰፋሁት። በዚያ ትራስ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተኛሁ። አንድ ቀን እናቴን ራሷን ሲያማት አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ ነበር። «ይኼ ትራስሽ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብላ አውጥታ ወረወረችልኝ።

መጀመሪያ የዋሸሁት ፈርቼ ነው። በኋላ የምፈራቸው ሰዎች ሄዱ፣ ውሸቱ ቀረ። እናቴ በየዓመቱ ለመስቀል ኦቾሎ ትወጣለች። በኛ አገር ለመስቀል የማይመጣ ሰው የለም፤ ከየትም ይመጣል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ከታች የሚመጣውን መንገድ ስታይ ትውላለች። የሥጋ ድርሻውን ታስቀምጥለታለች፤ ሲበላሽ ትጥለዋለች። ለሠርጉ ጋቢ የሚሆን ፈትል ፈትላ በቅርጫት አስቀምጣለታለች። ጫኖ የሚያስተምር አንድ መምህር እኔን ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቅም፣ «ወንድሟ ሳይመጣ አልድራትም፤ የሚድራት እሱ ነው» አለች። ሰውየው ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ አገባ። ጥሩ ሰው ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ነገሩ ባሰ። እስር ቤቶች ተከፈቱ፣ ጠፍቷል የተባለ አንዳንድ ሰው ተመለሰ። እናቴ ከሰዓት በኋላ እንዝርቷን ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያ መቀመጥ ጀመረች። «አሁን የሚይዘው መንግሥት የለም። መንገድ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። ልነግራት እየተነሣሁ ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ ልጀምር? ሞቷል ብል፣ መቼ ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር እህል ያከማቹበት የነበረውን ቤት ቪዲዮ ቤት አደረጉት። መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፈኑ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። ሌላ ቀን የድብድብ ፊልም ነው፣ ጎረምሶች ይሞሉታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን የሴቶች ነበር። ሕንድ ፊልም ያሳዩና፣ ከሥር እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ሲሆን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ታፈሰ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥተው፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እነዚህ ሴቶች ማን ማንን እንደወደደ ሳያውቁ እያለቀሱ ነው» ብለው ለመኑኝ።

ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ጽሑፉ ሲያልፍ በአማርኛ ጮክ ብዬ እላለሁ። እንግሊዝኛዬ ፈጣን ስላልነበረ፣ ረጅም ሲሆንብኝ እጄን አነሣለሁ፤ ጋሽ ታፈሰ ካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ያቆሙታል። ሥዕሉ ነጭ መስመር እየሠራ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። አንብቤ ስጨርስ እጄን አወርዳለሁ፣ ፊልሙ ይቀጥላል። ሴቶቹ ለምደውት፣ ሥዕሉ በቆመ ቁጥር ስለ ተዋናዮቹ ልብስና ጸጉር ያወራሉ። እናቴ ሁልጊዜ የፊተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ነች፤ በጨለማም ትፈትላለች። እንዝርቷ ጭኗ ላይ ሲሾር የሚያሰማው ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ይሰማኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጋሽ ታፈሰ ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ አገር መምህር የገዙትን ካሴት አመጡ። ርዕሱ ተልጧል። ሽፋኑ ላይ ሻሽ ያሰረች ቆንጆ ሴት ስላለች ሕንድ መስሏቸዋል። ሕንድ አልነበረም። የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዎቹ ጥቁር ጸጉር ያላቸው ናቸው፤ ከተማቸው ዳገት ነው። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ነች፣ ባሏ ማተሚያ ቤት ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ገና ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ያህል እራት ይበላሉ፣ ልጅ ያጥባሉ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይጨቃጨቃሉ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ዘፈኑ መቼ ነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ሽንኩርት ይነግዳሉ፤ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ይኼኛው ዘፈን ያለው አልመሰለኝም።»

«ዘፈን ከሌለው ታዲያ በምን ይዋደዳሉ?»

«ተጋብተው የለ እንዴ!» አለች አንዷ ከኋላ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ሁለት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ከሁለቱ አንዱ ወፍራም ነበር።

«ይኼ የድሮውን የቀበሌ ሊቀመንበራችንን አይመስልም?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ሆዱ ይቀረዋል!»

እንደገና ተሳቀ። ሰዎቹ ባሏን ይዘውት ሲሄዱ ግን ሳቁ ቆመ። ልጅቷ የአባቷን ጫማ ይዛ እስከ ደረጃው ሮጠች፤ ባዶ እግሩን ነበር የወሰዱት። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉም ሰው አንድ ቦታ አይቶታል። በዚያ ጊዜ ስለ ደርግ የሚወራው በስብሰባና በሬዲዮ ነበር፤ እኛ ቤት ለቤት አንነጋገርበትም ነበር። ያን ፊልም ባላይ ኖሮ ሌላ አገርም እንዲህ እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። እስር ቤት በር ላይ ሴቶች ሳህን ይዘው ተሰልፈው ሲታዩ ወይዘሮ አስካለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እነሱም ስንቅ ያመላልሳሉ?» አሉ።

ሴትየዋ በየሳምንቱ ምግብ ታደርሳለች። መስኮት አለ። መስኮቱ ጋ ጸሐፊ አለ። አንድ ቀን ጸሐፊው ምግቡን መለሰላትና በወረቀት የተጠቀለለ ልብስ ሰጣት። ጽሑፉ ከሥር መጣ። አጭር ነበር፤ ሁለት መስመር። ገብቶኛል። እጄን ግን አነሣሁ።

ጋሽ ታፈሰ ዴኩን አቆሙት። ሥዕሉ እዚያው ላይ ቆመ፤ ሴትየዋ በአንድ እጇ ሳህኑን፣ በሌላ እጇ ልብሱን ይዛለች። ነጩ መስመር ፊቷ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አላወሩም። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጋሽ ታፈሰ ከኋላ፣ «አበበች፣ ከበደሽ እንዴ?» አሉ።

«ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ነው የሚላት» አልኩ። ዝም ብል ይሻል ነበር። አፌ ግን ቀጠለ። «እዚያ መንግሥት ያበላቸዋል።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ።

እጄን አወረድኩ። ፊልሙ ቀጠለ። ሴትየዋ ወረቀት ላይ ፈረመች፣ ወጣች፣ መንገድ ላይ ተቀምጣ ልብሱን ታሸተው ጀመር። ወይዘሮ አስካለ፣ «ለተዛወረ ሰው ልብሱን ለምን ይመልሳሉ? ራቁቱን ነው እንዴ ያዛወሩት?» አሉ። አልመለስኩላቸውም። የቀረውን ሁሉ እንዳለ አነበብኩ፤ አንድም አልዘለልኩም፣ አልጨመርኩም። እንዝርቱ እስከ መጨረሻው አልተሰማም።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሙቀቱ ከብዶ ነበር። ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ የሚሸጡ ሰዎች የቀራቸውን ቅጠል ላይ ዘርግተው ዝንብ ያባርራሉ። እናቴ ቆመችና አንድ አሳ መረጠች። ጠብሰን በላን። ሌሊቱን እንደተኛች በአተነፋፈሷ አውቃለሁ። እኔም ተኝቻለሁ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስነሣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወደ ጋሽ ታፈሰ ቤት ሄድን። የእናቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም ነበርና፣ «አንተ ታፈሰ፣ የትናንቷን ፊልም ድገሚልኝ» አለቻቸው።

«እማማ፣ እሱን እኮ ሰው አልወደደውም። ደግሞ ሰኞ ጠዋት ማን ይመጣል?»

«እኔ መጥቻለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። በሩን ከፈቱልን። ባዶ ቤት ውስጥ እናቴ የትናንቱ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ እንዝርቷን አልያዘችም። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ያለውን አንብቢልኝ» አለችኝ በጋሞኛ።

አነበብኩላት። እራቱን፣ የልጆቹን ጨዋታ፣ የቤት ኪራዩን ጭቅጭቅ። ሰዎቹ መጡ፣ ባልየው ተወሰደ፣ ሴቶቹ ተሰለፉ። ልቤ በሥርዓት ይመታ ነበር። የፊልሙን ቃል አነባለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። የምነግራት እኔ ሳልሆን ጸሐፊው ነው። እንዲያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሴትየዋ ምግቧን ይዛ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ መብራት ጠፋ።

ሥዕሉ ወደ አንዲት ነጥብ ተሰብስቦ ሄደ። ቤቱ ጨለመ፤ በላስቲኩ ቀዳዳ በኩል የምትገባ ትንሽ ብርሃን ብቻ ቀረች። ጋሽ ታፈሰ ከኋላ፣ «ይመጣል፣ ይመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ አይቆይም» አሉ። ጠበቅን። ቆርቆሮው መሞቅ ጀምሮ ይንጣጣ ነበር። እናቴ ጉልበቷ ላይ እጇን አድርጋ ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን ታያለች።

«ቀጥዪ» አለችኝ።

«መብራት የለም እኮ።»

«አንቺ ታውቂዋለሽ። ምን አላት?»

«ከእንግዲህ አታምጪ አላት።»

«ሌላስ?»

«እዚህ ጋ ፈርሚ አላት።»

«አንቺም ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

የሞተበትን ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ማን ገደለው ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ስንቁን» አለች፣ «ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ስንቅ ወስደሻል። ሳህኑን ባዶ አምጥተሽልኛል። ማን በላው?»

«እኔ በላሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ አንድ ሲፈልገው የነበረ ዕቃ የት እንዳለ እንደተነገረው ሰው ነበር የነቀነቀችው። ቆይታ፣ «ልብሱስ?» አለች።

«ትራሴ ውስጥ ነው።»

ተነሣች። ጋሽ ታፈሰ ጋሞኛ ይሰማሉ፤ ሁሉንም ከኋላ ሆነው ሰምተዋል። በሩን ከፈቱልንና ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ቆሙ። እናቴ ስታልፍ፣ «እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት» አሏት። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለአንጁሎ እናት የተባለ የመጀመሪያው «ያጥናዎት» እሱ ነው። በጠዋቱ ፀሐይ ዓይኗን እያርገበገበች፣ «አሜን» አለቻቸው።

ቤት ስንደርስ ትራሱን ራሷ ፈታችው። ጋቢውን ዘርግታ ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች አረንጓዴውን ክር ፈለገች። አገኘችው። «አጥበሽዋል?» አለችኝ። «ታጥቦ ነው የሰጡኝ» አልኳት። ያኔ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ መጣ።

በዚያው ሳምንት ኦቾሎ ወጣን። ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀስለታል፤ ጋቢው አባቴ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተደረገ። ከየቀበሌው የመጣ ሰው በለቅሶው ሜዳ ላይ ሲሮጥና ሲያቅራራ ዋለ። በኛ ዘንድ የሞተን ሰው ለቅሶ መደበቅ ነውር ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ላይ መዓት ያመጣል ይባላል። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ የደበቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። እርጥብ ሣር ይዘው መረቁኝ፣ አለቀ አሉ። እንባ ግን አልመጣልኝም። አንዲት የአባቴ ዘመድ፣ ለእኔ እንዲሰማ አድርጋ፣ «እህት ተብዬዋን እዩዋት፣ ገበያ የወጣች ትመስላለች» አለች። እውነቷን ነው። ጋቢው አባቴ አጠገብ ተቀበረ። ለሠርጉ የተፈተለውን ፈትል እናቴ እዚያው ላለ ሸማኔ ሰጥታ ጋቢ አሠራችና ለእኔ ሰጠችኝ። «ሌላ የሚለብሰው የለም፣ አንቺ ልበሺው» ነው ያለችኝ። ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ክር የለውም። አሁንም እሱን ነው የምለብሰው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። መናኸሪያ መሄድ ተወች፤ ለመስቀል አፋፉ ላይ መቆም ተወች። ለምን አልነገርሽኝም ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። አብረን በላን፣ ስታመም አስታመመችኝ፣ ስትታመም አስታመምኳት። ነገር ግን የእድር ወረቀት ሲመጣ፣ የሐኪም ማዘዣ ሲሰጣት፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ አስካለ ልጅ ትሄዳለች። ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ቤት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። እናቴ ተመልሳ ወረቀቱ ምን እንደሚል ትነግረኛለች።

ያን ውሸት ባልዋሽ ኖሮ እናቴን ያኔውኑ ይወስዷት እንደነበር አውቃለሁ። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም። የተሳሳትኩት ቀን ሌላ ነው። የምፈራው ሰው ከከተማው ከወጣ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን ነው። አንድ በአንድ ሲታይ ተራ ቀን ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤቲ «ሌላ ቀን ተመለሺ አሏት» ካለችኝ በኋላ ፊልሙ ትንሽ ሄደ። የሴትየዋ ድምፅ ይሰማል፤ ነገ እንድትመለስ የተነገራት ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ቤቲ፣ ወደ ኋላ መልሺው።»

«የቱን፣ እማማ?»

«ዝም ያልሽበትን።»

«እማማ አበበች፣ ደስ አይልም እኮ። ቅዳሜዎን ለምን አበላሻለሁ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያለውን አንብቢልኝ።»

መለሰችው። ጸሐፊው ተናገረ፤ እሷ ከሥሩ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል አነበበችልኝ። ሲያልቅ የተላጠውን ማንጎ ሳህን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በላሁ።